ምላስ ስኳርን ሲያጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሚሴ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ሰይድ፣ ያን ሁሉ ዘመን አንድ መስኮት ላይ ቆመህ ኪኒን ስታቀብል አልሰለቸህም?» ይለኛል። እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ አልሰለቸኝም» ብዬ አልፋለሁ። ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም። አሁን ግን ጊዜ አለኝ። ስለ ሥራዬ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ፣ ከኪኒኑ ይልቅ ስለ ሰው ምላስ የምጽፈው እንደሚበዛ ገባኝ። ለዚህ ምክንያት የሆኑኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። ሁለተኛዋ ከሚሴ ውስጥ ጣፋጭ ይሠሩ የነበሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

የመጀመሪያ ምድቤ ጨፋ ሮቢት ነበር። በዲፕሎማ ተመርቄ፣ የምድብ ደብዳቤዬን በኪሴ ይዤ ስደርስ፣ የጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል አንድ መስኮት፣ ሁለት መደርደሪያና አንድ ጠረጴዛ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ የሸክላ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተቀምጧል። ጋሽ ይማም ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመው፣ የማላውቀውን ነገር በትንሽ ማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና፣ «ወንድም፣ እንኳን ደህና መጣህ። ና፣ አንተም ቅመስ» አሉኝ።

የቀመስኩት የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪን ነበር። ከዚያ በፊት ስሙን፣ መጠኑንና ጎጂ ጎኑን በቃሌ አውቅ ነበር፤ ምሬቱን ግን አላውቅም ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ከአፌ አልወጣም።

«እንግዲህ ይኼንን ነው የሁለት ዓመት ሕፃን ዋጥ የምንለው» አሉኝ።

ክረምቱ አልፎ የቦርከና ወንዝ ውሃ በየረባዳው ሲተኛ ጨፋ ላይ ወባ ይነሣል። በገበያ ቀን መስኮታችን ሥር ልጅ ያዘሉ እናቶች ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ ለሕፃናት ተብሎ በጠርሙስ የተዘጋጀ መድኃኒት እምብዛም አይደርሰንም ነበርና የአዋቂውን ኪኒን ከፍለን፣ ወቅጠን፣ በስኳር ውሃ በጥብጠን ነበር የምንሰጠው። ልጁ ከተፋው መድኃኒቱ የለም ማለት ነው። ቤት ሄዶ ከተፋው ደግሞ እኛ አናውቅም፤ እናቲቱም አትነግረንም። ስለዚህ ጋሽ ይማም የመጀመሪያውን መጠን እዚያው መስኮቱ ሥር ያስውጡ ነበር።

የጋሽ ይማም ልማዶች ጥቂት ነበሩ፤ አንዱንም ግን ዘለው አያውቁም። የስኳሩን ውሃ ያሞቁታል። ለብ ያለ መሆን አለበት እንጂ ቀዝቅዞ አይሰጥም። «ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ይተኛል» ይሉ ነበር። መድኃኒቱን በምላስ መሃል ሳይሆን በጉንጭ በኩል ያፈሱታል። ከዚያ እናቲቱ ጥንቅሽ ይዛ ከመጣች ልጣ ለልጁ እንድታስመጥጠው ያደርጋሉ። ገበሬ ሁሉ ማሳው ዳር ጥንቅሽ ስላለው ይኼ አስቸጋሪ አልነበረም። ማንኛውንም አዲስ ሽሮፕ ደግሞ ለልጅ ከመስጠታቸው በፊት በማንኪያ ጫፍ ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ።

ለተመላላሽ በሽተኛ የሚያቀርቡት ጥያቄም ነበራቸው። ሌላው ባለሙያ «ተሻለህ?» ሲል እሳቸው «አፍህስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ «አፋን ኬ አካም?» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ሰው መድኃኒት ማቋረጡን በቀጥታ ሲጠየቅ እንደሚዋሽ፣ ስለ አፉ ሲጠየቅ ግን እውነቱን እንደሚናገር አየሁ። «ኧረ ተወኝ፣ መራራ መራራ ይለኛል፤ ከትናንት ወዲያ ትቼዋለሁ» ይላል፤ ሳያስበው።

«ስኳር እንዴት ነው ምሬቱን የሚያሸንፈው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«እኔ አላውቅም» አሉኝ። «ያንን የሚያውቅ ሰው ካገኘህ መጥተህ ንገረኝ።»

ከጨፋ ሮቢት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር። «መስኮቱ ለማቀበያ ነው» ይለኝ ነበር። ሞዴሉን መሙላት፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱን መቁጠር፣ ወር ሲደርስ ሪፖርት መላክ፤ በዚህ የሚታማ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከእሱ ሥርዓት ተምሬያለሁ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከመደርደሪያ ላይ ሳልለይ ወደ ቤት ሄጄ የማላውቀው በእሱ ምክንያት ነው። ግን እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ አፉ የጠየቅኩት በሽተኛ ጥቂት ነው።

ደመወዙ እንደሚታወቀው ስለነበረ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሻሻል ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየተመላለስኩ ተማርኩ። ከሚኒባስ ወርጄ፣ አቧራዬን አራግፌ ከክፍል ስገባ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ይጫጫነኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አንዲት ወጣት አስተማሪ ሰሌዳው ላይ የምላስ ሥዕል ሳለችና እንቅልፌ ጠፋ።

ያስተማረችን ይኼ ነው። ምላስ ላይ የምናያቸው ጉብታዎች ውስጥ በዓይን የማይታዩ የጣዕም እምቡጦች አሉ፤ እያንዳንዱ እምቡጥ የብዙ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ጣፋጭን የሚለዩት ሕዋሳት ጫፍ ላይ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣምረው ይቆማሉ። ሁለቱ ካልተጣመሩ የማር ጣዕም የሚባል ነገር የለም። ወደ ውጭ የወጣው ክፍላቸው እንደተከፈተ መዳፍ ነው። ስኳር በምራቅ ሟሙቶ መጥቶ መዳፉ ላይ ሲያርፍ መዳፉ ይጨበጣል። ጭብጡ በሕዋሱ ግድግዳ በኩል አልፎ ውስጥ የሚጠብቀውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። ያም በተራው ሌላውን ይቀሰቅሳል። በመጨረሻ ሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ የነበረ ካልሲየም ይለቀቃል፤ ሶዲየም የሚገባበት በር ይከፈታል፤ ሕዋሱ በኤሌክትሪክ ይነቃና አጠገቡ ላለው ነርቭ መልእክት ይሰጣል። ነርቩ ለአንጎል ያደርሳል። ስኳሩ ራሱ ወደ አንጎል አይሄድም። የሚሄደው ወሬው ብቻ ነው።

«ጣፋጭነት ስኳሩ ውስጥ የለም» አለች አስተማሪዋ። «ስኳርና መዳፉ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው።»

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጨመረች። አንደኛ፣ ለጣፋጭ አንድ ጥንድ ብቻ ሲኖረን ለመራራ ከሃያ በላይ ዓይነት ተቀባይ አለን፤ መርዝ ብዙ ጊዜ መራራ ስለሆነ ሰውነታችን ከዚያ በኩል ብዙ ዘበኛ አቁሟል። ሁለተኛ፣ ያ የሶዲየም በር ሙቀት ይወዳል፤ ለብ ያለ ነገር ሲነካው ይበልጥ ይከፈታል። ያው ስኳር ሲሞቅ ይበልጥ የሚጣፍጠን፣ ሲቀዘቅዝ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጨፋ ሮቢት ሄጄ ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። ጡረታ ወጥተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ መዳፉ፣ ስለ ወሬው፣ ስለ ሙቀቱ አንድ በአንድ ሰሙኝ።

«እንግዲያ አይተኛም» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ስኳሩ። ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ይተኛል እል አልነበር? የሚተኛው በሩ ነው በለኛ።» በጣም ደስ ብሏቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ አላህ ይማራቸው።

የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት ከሚሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የመድኃኒት ክፍል ነው። ጊዜው ተለውጦ ነበር። ሙቀጫ የሚባል ነገር የለም። የልጆቹ መድኃኒት በእንጆሪና በብርቱካን ጣዕም ጣፍጦ በጠርሙስ ይመጣል። በመስኮቴ በኩል የሚያልፈው በሽተኛ በብዛት የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ሆነ። እትዬ ዘይነባን በበሽተኛነት ያወቅኳቸው እዚያ ነው።

በጣፋጫቸው ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከደጃቸው ትልቅ ብረት ድስት ጥደው ሙሸበክ ይጠብሳሉ። ቀጭኑን ሊጥ በጨርቅ ቋጥረው፣ ጫፉን በስተው፣ በፈላ ዘይት ላይ በቀኝ እጃቸው እያዞሩ ክብ ክብ ያፈሱታል። ሲቀላ አውጥተው በስኳር ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ረመዳን ሲገባ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ደጃቸው ላይ ማለፊያ የለም። የአካባቢው መስጊድም ለመንገደኛ የጾም ማስፈጠሪያ የሚሆነውን ከእሳቸው ነው የሚወስደው። ሙያውን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለአንድ ልጃቸው ለሐያት እያስተማሩ ነበር።

አንድ ቀን፣ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር እየተጋመሰ ሳለ፣ መስኮቱ ላይ መጥተው ኪኒናቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ግን አልሄዱም።

«ሰይድ፣ እኔስ ምንም አልጣፍጥ አለኝ» አሉኝ።

ካርዳቸው ላይ «የምግብ ፍላጎት ቀንሷል» የሚል ጽሑፍ ነበረ። በጻፈው ሰው አልፈርድም። አማርኛችን «አልጣፈጠኝም» ሲል ወጥ አልጣመኝም ማለትም ይሆናል፤ ጨው አነሰው ማለትም ይሆናል፤ ሻዬ ስኳር የለውም ማለትም ይሆናል። ኦሮምኛውም «ሚአዋ» ሲል ለጣፈጠውም ለጣመውም ነው። ሰውየው የሰማውን ነው የጻፈው።

«አፍዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ወጡ ነው የማይጣፍጥዎ ወይስ ሻዩ?»

ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው አለመኖሩን አዩ። «የወጡንስ ጨውና በርበሬ አውቀዋለሁ። ሻዩ ነው ውሃ የሆነብኝ። ስኳሩ ነው የጠፋኝ።»

ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ግሉኮስ አለ፤ ጨው አለ፤ ከደጅ ሎሚ ገዛሁ። አፋቸውን አስጉመጥምጬ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኜ፣ ለብ ባለ ውሃ የበጠበጥኩትን አንድ በአንድ አቀመስኳቸው። ጨውን ወዲያው አወቁት። ሎሚው ፊታቸውን አኮማተረው። ግሉኮሱን ሲቀምሱ «ውሃ» አሉ። ጨምሬ አወፈርኩት።

«ይኼስ?»

«ይኼማ... ቁልፍ የላስኩ መሰለኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ኪኒኑ ከተለወጠልኝ ወዲህ ይመስለኛል። ቀስ እያለ ነው የሄደው።» ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «እውነቱን ንገረኝ፤ እርጅና ነው? ወይስ ሸይጣን ነው የሚጫወትብኝ?»

«ሁለቱም አይደለም። ኪኒኑ ነው» አልኳቸው።

ይወስዱት የነበረው ካፕቶፕሪል ነበር። ለግፊት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ግን ሞለኪውሉ ድኝ አለበት፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ጣዕምን ያደበዝዛል ወይም ብረት ብረት እንዲል ያደርጋል። ለምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። ድኙ የጣዕም ሕዋሳት የሚያስፈልጋቸውን ዚንክ ይይዝባቸዋል የሚል ግምት አለ። ይኼንን ሁሉ በሚገባቸው ቋንቋ ነገርኳቸው። ስለተጣመሩት ሁለት ፕሮቲኖች፣ ስለሚጨበጠው መዳፍ፣ ከዚያ ስለሚሄደው ወሬ ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን አንሥተው አዩ።

«የኔ መዳፎች ስኳሩን አልይዝ አሉ ማለት ነው?»

«ወይ አልያዙትም፣ ወይ ይዘው ወሬውን አላደረሱም። እንደ እርስዎ ድመት አስቡት።»

«ድመቴ ደግሞ ምን አደረገች?»

«ሙሸበኩ ትሪ አጠገብ ትተኛለች አይደል? ነክታው ታውቃለች?»

«ወላሂ ነክታ አታውቅም። ሥጋ ብቻ ነው የምትሰርቀኝ።»

«ድመት ከሁለቱ ፕሮቲኖች አንዱን ጭራሽ አትሠራውም። ስኳር አፏ ውስጥ ቢገባ ምንም አይነግራትም።»

ከልባቸው ሳቁ። «ድመት ሆንሽ በለኛ!» አሉ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ሻርፓቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዎቹ መናገር ጀምረዋል። ባለፈው አንዱ ደንበኛዬ ‹ዘይነባ፣ ስኳር ረከሰልሽ እንዴ?› አለኝ። ሳላውቀው እያበዛሁት ነው። የስኳሩ ውሃ ሲቀዘቅዝ እየነጣ ሙሸበኩ ላይ አሸዋ ይሆናል። ሐያት አይታ ዝም አለችኝ።»

«ሐያት ትቅመስልዎት። እርስዎ ይጥበሱ፣ እሷ ትቅመስ።»

«ኧረ! ልጄ ካወቀችማ ድስቱን ነው የምታነሣብኝ። ታመሻል ተቀመጪ ነው የምትለኝ። ጣፋጭ የምትሠራ ሴት ስኳር አታውቅም ከተባለ ምን ቀረኝ?»

ሐኪሙን አነጋገርኩት። ነገሩን ሰምቶ መድኃኒቱን ወዲያው በአምሎዲፒን ለወጠው። ይኼኛው ድኝ የለበትም፤ ለእትዬ ዘይነባም ይኼንኑ አስረዳኋቸው። አዲሱን አሽጌ ስሰጣቸው ሦስት ነገር ነገርኳቸው። አሮጌውን እንዲተዉ፣ አዲሱን በነጋታው እንዲጀምሩና አንድም ቀን ያለ ኪኒን እንዳይውሉ። በረመዳን ከንጋት በፊት፣ በሱሁር ምግብ ሰዓት መውሰድ እንደሚቻልም ነገርኳቸው።

«ስኳሩስ መቼ ይመለስልኛል?»

«የምላስ ሕዋሳት ይታደሳሉ። አሮጌው እየሞተ አዲስ ይተካል። ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ወራትም ይወስዳል።»

«ከረመዳን በፊት?»

«እሱን ላረጋግጥልዎ አልችልም።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ኪኒኑን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ስልክ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ደስተኛ ነበር። «ትንሽ ትንሽ እየመጣልኝ ነው፣ ሰይድ። ትናንት ሻዩን አወቅኩት!» አሉኝ። ኪኒኑንስ ስላቸው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አሉ። ግፊታቸውን መጥተው እንዲለኩ ስጠይቃቸው «ከረመዳን በኋላ» አሉኝ። ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ጣዕሙ መመለሱ መድኃኒቱ በትክክል ለመለወጡ ምልክት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

የወደቁት በጾሙ አጋማሽ ነው። ከዐስር በፊት የስኳሩን ውሃ እያማሰሉ ሳለ ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። ሐያት ልታነሣው ጎንበስ ስትል እናቷም ወደ ጎን ዘመሙ። ባጃጅ ክሊኒካችን ደጃፍ ላይ አቁሞ ሹፌሩ ሲጣራ እኔም ወጣሁ። የፊታቸው ቀኝ ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል። ሊናገሩኝ ሞክረው ድምፅ ብቻ ወጣ። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ፤ ቁጥሩን ማመን ስላቃተው ደግሞ ለካ። ከዚያ አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ደሴ ተላኩ።

በማግስቱ ሐያት መስኮቱ ላይ መጣች። በደሴና በከሚሴ መሃል ስትመላለስ አድራ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ የሰጠኋቸውን የኪኒን ፓኬት መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። አንዲትም አልተነካችም። አሮጌውን ትተዋል፤ አዲሱን አልጀመሩም።

«ትራሷ ሥር አገኘሁት» አለችኝ። «ለጎረቤታችን ነግራት ነበር አሉ። ‹አንዱ ኪኒን ስኳሬን ከወሰደብኝ ሌላውስ ለምን አይወስድብኝም? ረመዳን ይለቅና እጀምረዋለሁ› ብላ። ኪኒኑ ስኳሩን እንደሚወስድ ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያ ባይነግሯት ኖሮ ትውጠው ነበር።»

ድኝ የለበትም ብያቸው ነበር ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቀን እንዳይዘሉ ብያቸው ነበር ማለትም ይቻል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ልጅቷ ያለችውም እውነት ነበር፤ ባልነግራቸው ያንኑ ቁልፍ ቁልፍ የሚለውን ኪኒን ምናልባት እየዋጡ ይቀጥሉ ነበር። «አላህ ይማርልሽ» ብቻ አልኳት። ፓኬቱን እዚያው ትታ ሄደች።

ስለዚያ ነገር ብዙ አሰብኩ። ደሴ የተማርኩትን የምላስ ሥዕል ከማንም በተሻለ ለእትዬ ዘይነባ እንዳስረዳኋቸው አውቃለሁ፤ ተረድተውኛልም። የሰሙኝ ግን ምላሳቸው የት ጋ እንደተበላሸ እንጂ ግፊታቸው ምን ሊያደርጋቸው እንደሚችል አልነበረም። ግፊት ጣዕም የለውም። ሲወጣም ሲወርድም ለአንጎል ወሬ የሚያደርስ መዳፍ የለውም። ስለዚህ የጠፋባቸውን ስኳር እያሰቡ፣ የማይሰማቸውን ነገር ረሱት። ከዚያ በኋላ መናገሬን አላቆምኩም። ቅደም ተከተሌን ግን ለወጥኩ፤ ሊቋረጥ የማይችለውን መጀመሪያ እላለሁ፤ ብቻውን የመጣ ሰው ካለ ቤተሰብ ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ፤ ስልክ ስደውልም «ደህና ነኝ» ሲባል ስንት ኪኒን እንደቀራቸው እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ይቆጣ።

እትዬ ዘይነባ ከደሴ ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሐያት በሩን ከፈተችልኝና ሰላምታዬን በአጭሩ መልሳ ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቃል በቃል እየፈለጉ ነው የሚናገሩት፤ አንዳንዱ ቃል ሲጠፋቸው በግራ እጃቸው ያመለክታሉ። ስለ ጤናቸው ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ሊነግሩኝ ፈልገው ነበር።

«ያን... ያን ቀን» አሉ። በግራ እጃቸው የማማሰል ምልክት አሳዩኝ።

«የወደቁ ቀን?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከመውደቄ... ቀመስኩት። በጠቋሚዬ... ቀመስኩት።»

«ጾም ላይ?»

የፊታቸው ግራ ወገን ፈገግ አለ። «ተፋሁት። አልዋጥኩም።» ከዚያ ትንሽ አረፉና ቃሉን ፈልገው አገኙት። «ጣፈጠኝ። ልክ ነበር። እንደ ድሮው... ልክ።»

ሐያት ከጓዳ ወጥታ በሩ መቃን ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። እናቲቱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር አላየሁም። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ስወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሙሸበኩን የምትጠብሰው ሐያት ናት። እትዬ ዘይነባ ከድስቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ይቀምሳሉ፤ ከጾም ውጭ ነው ታዲያ። ሲያንስ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ሲበቃ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። አዲሱን ኪኒን በየቀኑ የምታስውጣቸው ልጃቸው ናት። እኔና ሐያት ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ በላይ አንነጋገርም ነበር። ለዓመታት እንዲሁ ቀጠለ፤ እኔም ጡረታዬ ደርሶ መስኮቱን ለሌላ ሰው አስረከብኩ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ደጄ ተንኳኳ። ሐያት ነበረች። ሆዷ ገፍቷል፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በእጇ አዲስ የኪኒን ፓኬት ይዛለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቢ፣ ልጄ።»

አልገባችም። ፓኬቱን ዘረጋችልኝ። «ግፊትሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ይኼንን በቀን ሦስት ጊዜ ዋጪ ተባልኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሌላ ነገር አልነገሩኝም።»

ስሙን አነበብኩት። ለእርጉዝ ሴት የሚሰጥ፣ የታወቀ መድኃኒት ነው። «ጥሩ ነው። ልክ ነው የሰጡሽ፤ እንዳታቋርጪው» አልኳት።

«እሱን አውቃለሁ። አላቋርጥም።» ቀጥ ብላ አየችኝ። «ግን እስቲ ይንገሩኝ። ገብቶ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚወስድብኝ፣ የሚወስድብኝ ነገር ካለም ተመልሶ የሚመጣ እንደሆነ። ሁሉንም ይንገሩኝ፤ እንዳይደብቁኝ።»

ወንበር አወጣሁላትና ደጄ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳት።